ሞተ የተባለው ውሻ

የብርጓል ቆሎ ሻጭ ናት። ገብሱን ራሷ ትፈትጋለች፣ ራሷ ታምሳለች፣ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ በር ላይ በስኒ እየሰፈረች ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ልጅ አልወለደችም። የቀራት ነገር ቢኖር ሁለት ክፍል ቤትና አይነኬ የሚባል ቀይ ውሻ ነው። ስሙን ያወጣለት ሟቹ ነው፤ ውሻውም ማንም ሳይነካው እሱ ሰውን ሁሉ እየነካ የኖረ ነው። የብርጓል ደግ ሴት ናት። ይህ አስቀድሞ ይነገርላት፣ ኋላ የሚፈርድባት አይጠፋምና።

ነገሩ የጀመረው በጥር፣ በቃና ዘገሊላ ማግስት ነው። ከመርጡለ ማርያም የመጣ አንሙት የሚባል የቅኔ ተማሪ፣ ሃያን የዘለለ ጎረምሳ፣ ለምዱን ደርቦ አኮፋዳውን አንግቶ በሯ ላይ ቆመ። ተማሪ ለልመና ሲወጣ ዱላ የሚይዘው ለውሻ ነው። አንሙት ግን ቤቱን ስለለመደ፣ እሷንም ስላመነ፣ ዱላውን አጥሩ ላይ አስደግፎ «በእንተ ስማ ለማርያም» አለ። ቃሉን ሳይጨርስ አይነኬ ባቱ ላይ ተተከለ። በዚያ ጠዋት ሰንሰለቱን ያላሰረችው የብርጓል ናት።

ቁስሉን በሳሙና አጥባ ስታስርለት ጎረቤቱ ተሰበሰበ። የነከሰ ውሻ ይገደል ተባለ፤ ጎረምሶቹም ነገ በዱላ እንመጣለን ብለው ሄዱ። አይነኬ የባሏ ውሻ ነው። ባሏ የሞተ ዕለት ሬሳው ወጥቶ ሰው ሁሉ ሲበተን ከእሷ ጋር ቤት የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ለጥምቀት መጥቶ የከረመው ወንድሟ አስማማው በማግስቱ ማለዳ ወደ አምበር ሲመለስ፣ አይነኬን አፉን አስራ፣ በጆንያ ጠቅልላ፣ ከኋላ በሚጭን መኪና ላይ ሰደደችው። ጎረምሶቹ ሲመጡ «መርዝ አብልቼ ገደል ጣልኩት» አለቻቸው። ሰውም አመነ። ዝም አይነቅዝም ይባላልና ከዚያ ወዲያ ዝም አለች።

ይኼኛው ዝም ግን ነቀዘ።

ጎረምሶቹ የተመለሱ ዕለት አንሙትን ደግፋ ጤና ጣቢያ ያደረሰችው እሷ ናት። ባለሙያው «ውሻው የት አለ?» ብሎ ጠየቀ። «ብናገኘው አሥር ቀን አስረን እናየው ነበር። ጤነኛ ሆኖ ከሰነበተ የሚያሰጋ ነገር የለም፤ ከሞተ ግን መርፌውን ማስጀመር ግድ ነው።» የብርጓል ዞር ብላ አየች። ገደልኩት ስትል የሰማች ጎረቤቷ ከጀርባዋ ቆማ ነበር። «ሞቷል» አለች የብርጓል።

እንዲህ ሆኖ አንሙት አሥራ አራት ቀን ሙሉ፣ በየቀኑ አንድ አንድ መርፌ፣ ሆዱ ላይ ተወጋ። ከጤና ጣቢያ ሲመለስ ወደ እሷ ቤት ጎራ ይላል፤ እሷም ያላትን ታበላዋለች። አንድ ቀን ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ «እቴቴ፣ አይነኬ እውነት ሞተ? በእኔ የተነሳ መሞቱ ከንክሻው ይልቅ አመመኝ» አላት።

«ሞተ ልጄ። ብላ።»

መርፌው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው አንሙት ራሱን ይዞ መጣ። ትኩሳት አለው። የተነከሰው ባቱ ይነዝረዋል፤ እግሩ ደግሞ የሰው እግር ሆኖበታል፣ ሂድ ሲለው አይሄድም። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አንዴ ግራ ዓይኑን አንዴ ቀኝ ዓይኑን እየጨፈነ የነጠላዋን ጥለት አየ።

«ይገርማል እቴቴ፣ ጥለትዎ በግራ ዓይኔ ቀይ ነው፤ በቀኜ ሳየው አመድ ይመስላል።»

የብርጓል ሳቀች፤ የቅኔ ተማሪ ነገር መስሏት ነው። ከዚያ ወዲያ በአራተኛው ቀን ሽንቱ ታገደ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ አለው፣ ጓደኞቹን በስማቸው መጥራት አቃተው። ቀን ሙሉ ቅኔ ሲቆጥር የሚውል ልጅ «ውሃ» የሚለውን ቃል እየፈለገ ያጣው ጀመር።

እሷም ልጠይቀው ብላ የተማሪዎቹ ጎጆ ሄዳ፣ የሆነውን በዓይኗ አየች። የቅኔ መምህሩ የኔታ ጠበል አስመጥተው በጣሳ አቀረቡለት። አንሙት አንድ ጊዜ ተጎነጨ። ውሃው አልወረደም፤ በአፍንጫው ተመልሶ ወጣ፣ ትን አለው፣ ፊቱ ጠቆረ። ሁለተኛ ሊያቀርቡለት ሲሉ እጁን እያወራጨ ጣሳውን ገፋው።

«ውሃ ፈራ» አለ አንዱ ተማሪ፣ ቀስ ብሎ።

ሁሉም በአንዴ ወደ ግድግዳው ሸሸ። አገሩ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ውሃ ከፈራ አልቆለታል፣ መድኃኒትም ሐኪምም የለውም። የገዛ ጓደኞቹ እያለቀሱ እጁን ከምሰሶው ጋር አሰሩት፣ ሰው እንዳይነክስ። የብርጓል የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው፣ ያላሰበችው ፍርሃት ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣባት። ውሻዬ አብዶ ነበር ማለት ነው አለች በልቧ። ሳላውቅ ያበደ ውሻ ለወንድሜ ልጆች ላክሁ።

ወዲያው ወደ አስማማው ደወለች። ስልኩ አይሠራም። በማግስቱም፣ በሳልስቱም ደወለች፤ አምበር ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል አሏት። ተነስታ ሄዳ ማየት ትችል ነበር። አልሄደችም፤ የምታገኘውን ፈርታ ነው።

አንሙትን ሆስፒታል አስገቡት፣ ለብቻው ክፍል ተሰጠው። ነርሶቹ ሳይቀሩ ከበሩ ወዲህ ቆመው ነው የሚያዩት። እናቱ ፋንታነሽ ከመርጡለ ማርያም በሁለት ቀን መንገድ ደርሳ፣ እሷ ብቻ ገብታ ራስጌው ተቀመጠች። ሐኪሞቹ መንገዱ ሰላም በዋለ ዕለት በአምቡላንስ ባሕር ዳር ልከው የጭንቅላቱን ኤም አር አይ አስነስተው መለሱት። የብርጓል በየቀኑ ሽሮና እንጀራ ቋጥራ ለፋንታነሽ ትወስዳለች። ፋንታነሽም «ልጄን ስታበዪ የከረምሽው አንቺ ነሽ አሉኝ፤ እግዜር ይስጥሽ» እያለች እጇን ትስማለች። ያ መሳም የብርጓልን እንደ ፍም ያቃጥላት ነበር።

በየካቲት አጋማሽ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ዶክተር ሕሊና ፊልሙን ይዛ ወደ ኮሪደሩ መጣች። ወጣት ናት፣ ዓይኗ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል። ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጥፋ ለፋንታነሽ አሳየቻት። የብርጓልም ምሳውን እንደያዘች አጠገባቸው ቆማ ነበር።

«ይህ ግራጫው ጤነኛው ነው» አለች ሐኪሟ። «እነዚህ ነጫጮቹ ግን መኖር አልነበረባቸውም።»

ነጫጮቹ ብዙ ነበሩ። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ በቀኝ በኩል በርከት፣ በግራ በኩል ሳሳ ያሉ ነበሩ። አንዱ ደግሞ ወደ ታች፣ አንገት የሚጀምርበት አካባቢ ተቀምጧል። ሐኪሟ በጣቷ ነካችው። «የመዋጥ ትእዛዝ የሚያልፈው በዚህ ነው።»

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ፋንታነሽ።

«የነርቭ ክር ልባስ አለው። አንዳንዴ ገላችን የራሱን ልባስ ጠላት ይመስለውና ይቆጣበታል፤ ያኔ ልባሱ ይላጣል፣ ትእዛዙ መንገድ ላይ ይቀራል። እግሩ የሰነፈው፣ ዓይኑ ቀለም ያጠፋበት፣ ሽንቱ የታገደው ለዚህ ይመስለኛል። ከትኩሳት በሽታ በኋላ ይመጣል። አልፎ አልፎም እንዲህ እንደወሰደው ካለ የድሮ ዓይነት መርፌ በኋላ፣ ከብዙ ሺህ ሰው አንዱ ላይ።»

የብርጓል ሙቀጫዋ ውስጥ እየተፈተገ ገለባው የሚነሳው ገብስ ታያት። ዘነዘናውን የያዘችው ራሷ ናት።

«ይድናል?»

«ይህ ከሆነ መድኃኒት አለው። በደም ሥር ለአምስት ቀን ይሰጣል። ብዙው ሰው ይነሳል።»

«ታዲያ ስጪዋ ልጄ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ሐኪሟ ፊልሙን ከመስኮቱ አወረደች። «የነከሰው ውሻ ታሞ ይሁን ጤነኛ ያወቀ ሰው የለም። ሞቷል ተብሎ ነው የተጻፈው። ስዕሉ ወደዚህ ያደላል፣ ምልክቱ ግን ወደዚያኛው የሚጎትት አለበት። የእብድ ውሻ በሽታ ከሆነ ደግሞ ይህ መድኃኒት በሽታውን ያበረታዋል፤ አለቆቼም የሚፈሩት እሱን ነው። ውሻው ከነከሰው በኋላ አሥር ቀን በሕይወት መቆየቱን የሚነግረኝ አንድ ሰው ባገኝ ዛሬውኑ እጀምርለት ነበር።»

«የሞተ ውሻ አይናገር» አለች ፋንታነሽ። «ነገ በጠዋት መኪና ይመጣልኛል። ልጄ በሰው አገር፣ ሰው እየሸሸው አይሞትም። ወስጄ ጠበሉ አጠገብ አስተኛዋለሁ።»

የብርጓል አፏን ከፈተች። አልገደልኩትም ለማለት አንድ ቃል ነው የሚበቃት። ግን ሌላ ፍርሃት መጣባት። ሞተ፣ ሞተ ስትል የከረመችው ውሻ እውነት ሞቶ ቢሆንስ? ኀፍረቱ ይቅር፤ ውሻው አልሞተም ብላ ተስፋ ሰጥታ፣ ኋላ አብዶ ሞቷል ከተባለ፣ ለዚች እናት ሁለተኛ ሞት አይሆንም? የያዘችውን ምሳ ፋንታነሽ እጅ ላይ አስቀምጣ ሳትሰናበት ወጣች።

ወደ ደጀን መስመር በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ለፍተሻ አስወረዷቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ መሬት መሬት እያየች ቆመች። ስለት ተሳለች፣ ከዚያ ደግሞ በውሸቴ ላይ ስለት ማን ይቀበለኛል ብላ አቋረጠችው። አምበር ስትወርድ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች።

የአስማማው ግቢ ጭር ብሏል። ከጎታው አጠገብ አንድ ገመድ አየች፤ ጫፉ ተበጥሶ መሬት ላይ ተጋድሟል። የውሻ መብያ ሸክላም አለ፣ ተደፍቷል፣ ውስጡ ደረቅ ነው። የብርጓል ገመዱን አነሳችና ቁጭ አለች። በቃ፣ አለች። በቃ፣ ሞቷል። ገደልኩት እያልኩ ሳሟርት ሞቷል፣ ልጁም ይሞታል።

ለምን እንደተነሳች ሳታውቅ ተነስታ ወደ ማሳው ሄደች። አስማማው ሽንብራ እየነቀለ ነበር። ሲያያት ቀና አለ።

«ውሻው?» አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም።

አስማማው እጁን በቁምጣው ጠረገ። «ተይኝ እስቲ እታለም፣ ስሙን አታንሺብኝ። ጉድ ነው የሠራኝ።»

የብርጓል ክንዱን ያዘችው። «ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል፣ ሁለት ገመድ በጥሶ አንዱንም አልከፈለኝም። ከጦጣ ጋር ሲሯሯጥ ነው የሚውለው። ቤት የሚገባው ለመብል ነው።» ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ አፏጨ።

ከወንዙ አፋፍ አንድ ቀይ ነገር ብቅ አለ። አይነኬ ወፍሯል፣ ጀርባው በጭጎጎት ተሞልቷል። የብርጓልን ሲያይ ፍጥነቱን ጨመረ፤ ደርሶ ደረቷ ላይ ዘሎ ጣላት። እሷም ሽንብራው መሃል እንደተቀመጠች መንጋጋውን ይዛ ዓይኑን አየች፣ አፉን ፈልቅቃ ምላሱን አየች፣ ከዚያ አንገቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ነገሩን ስትነግረው አስማማው ፊቱ ተለወጠ። «ልትወስጂው ነው? ያውቁብሻል እኮ። ልጁ ወንድሞች አሉት።»

«ይወቁብኝ» አለች።

ሚኒባሶቹ ውሻ አንጭንም አሉ። እህል የጫነ አይሱዙ ላይ፣ በጤፍ ጆንያዎች መሃል ውሻዋን አቅፋ ማርቆስ የደረሰችው አሥር ሰዓት ላይ ነው። መኪናው መናኸሪያው በር ላይ አወረዳት። በየቀኑ ቆሎ የምትሸጥበት፣ ሰው ሁሉ በስሟ የሚጠራት ቦታ ነው። አንድ ባለ ባጃጅ «ያ ውሻ አይደለም እንዴ?» አለ ለጓደኛው። የብርጓል ሰማች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች፣ ፊቷ እንዲታይ፤ ገመዱን እጇ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥማ በአስፋልቱ ጠርዝ አዘገመች። ከኋላዋ ሰው ይከተላት ጀመር። ስንት እንደሆኑ ዞራ አላየችም።

ዘበኛው ውሻ አላስገባም አላት። «አላስገባውም። የአንሙትን እናትና ሐኪሟን ጥራልኝ» አለች።

ፋንታነሽ መጀመሪያ መጣች፤ ለነገው መንገድ የልጇን ለምድ እየጠቀለለች ነበርና በእጇ እንደያዘችው ነው። ሐኪሟም ደረሰች።

«ይኸው ውሻው» አለች የብርጓል። «አልገደልኩትም። ይገድሉብኛል ብዬ ወንድሜ ዘንድ ደብቄው ነው። ከነከሰው ወር አልፎታል፤ አንድ ቀን አልታመመም።»

ሐኪሟ የተከተሉትን ሰዎች አየች። «ይኸው ራሱ ነው?»

«ራሱ ነው» አለች ጎረቤቷ ከኋላ። «የግራ ጆሮው የተቀደደውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።»

ዘበኛው የራሱን ጣሳ ውሃ ሞልቶ አመጣ። አይነኬ ከመንገድ ነውና በጥም ሊሞት ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ጣሳው ባዶ እስኪሆን ለቀለቀው። ፋንታነሽ ያን አየች። ልጇ አንድ ጉንጭ መዋጥ ያቃተውን ውሃ ውሻው ጨርሶ ሲልስ ዓይኗን አልነቀለችም። ሐኪሟ ዞራ ወደ ውስጥ ሮጠች።

«አሥራ አራት መርፌ» አለች ፋንታነሽ። «እያበላሽው።»

«አዎ» አለች የብርጓል።

ፋንታነሽ ለምዱን ደረቷ ላይ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «ልጄ እስኪነሳ ድረስ ይህ ውሻ ከዚህ በር አይሂድ። ቆሞ ሲሄድ ላየው እፈልጋለሁ። አንቺም እንደዚያው።»

መድኃኒቱ በዚያው ማታ ጀመረ። በማግስቱ መኪናው መጣ፣ ፋንታነሽ መለሰችው። የብርጓል በሩ ፊት ለፊት ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ውሻዋን አስራ ተቀመጠች። ቆሎዋን አልሸጠችም። የሚያልፈው ሰው ያያታል፣ አንዳንዱም ይተፋል። እሷ የምታየው በሩን ብቻ ነው፤ በከፈቱት ቁጥር ሬሳ ይዘው የሚወጡ እየመሰላት። ፋንታነሽ በቀን ሁለት ጊዜ ወጥታ ውሻውን አይታ ትመለሳለች። አንደኛው ቀን እንዲህ አለፈ፣ ሁለተኛውም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ፋንታነሽ ወጣች። ውሻውን አላየችም።

«ነይ» አለች።

የብርጓል ልጁ ሞተ ብላ ተነሳች። ኮሪደሩን እንዴት እንዳለፈችው አታውቅም። በሩ ክፍት ነበር፤ ሐኪሟ አልጋው አጠገብ ቆማለች። የአንሙት እጅ አልታሰረም። ከስቷል፣ ዓይኑ ግን ሰው ይከተላል። ፋንታነሽ አንድ ስኒ ውሃ አንስታ የብርጓል እጅ ላይ አስቀመጠች።

«እንሞክር ተብሏል። አንቺ አጠጪው።»

«እኔ እፈራለሁ እናቴ።»

«እኔም እፈራለሁ» አለች ፋንታነሽ። «አጠጪው።»

የብርጓል ስኒውን ወደ ከንፈሩ አስጠጋች። ያ በአፍንጫው የተመለሰው ጠበል ታያትና ውሃው አገጩ ላይ ፈሰሰባት። በዚህ መሃል ከደጅ አይነኬ ጮኸ። ውሻ በበላበት ይጮሃል፤ የጠፋችበትን እመቤቱን ነው የሚጣራው። አንሙት ራሱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ግንባሩን ቋጠረ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እንደሚለቅም ሰው ጊዜ ወሰደ።

«እቴቴ» አለ። «አይነኬ... ሞቷል... ብለውኝ አልነበር?»

ልጁ ረስቶት የነበረውን ስም ሁሉ ትቶ ያንን አስታውሶ ነው የተመለሰው።

«ዋሽቼህ ነው ልጄ» አለች የብርጓል።

አንሙት አያት። ከዚያ አፉን ከፈተ። ውሃውን አፈሰሰችለት። ጉሮሮው ቆመ፣ ቆየ፤ ከዚያ ወደ ላይ ወጥቶ ወረደ። ተመልሶ የመጣ ነገር የለም። ፋንታነሽ ከግርጌው ሆና አንገቱን ስታይ ቆየችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ጨምሪለት» አለች።